ለወንድሜ የወሰድኩት ሥር

ይህን የምጽፈው ድኜ አይደለም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ፊቴን ስታጠብ ሁለት ጊዜ መትቶኛል። የምጽፈው አንድ ሰሞን «ዳንኩ» እያልኩ ያወራሁት ወሬ ምን እንዳመጣ እንድታውቁት ነው። አንብባችሁ ብትታዘቡኝ አይከፋኝም፤ እኔም ራሴን ከታዘብኩ ቆይቻለሁ።

የሺእመቤት እባላለሁ። መንዝ፣ ሞላሌ ውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ተፈራ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ማኅሌት የምትባል አንዲት ልጅ አለችን። ይህ በሽታ እስኪይዘኝ ድረስ ከጉንፋንና ከወሊድ በቀር ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

የጀመረኝ በኅዳር ነው። የመንዝን ኅዳር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውጪ ያደረ ውኃ ጠዋት ላዩ እንደ መስታወት ተጋግሮ ይገኛል። ያን ቅርፊት በጣሳ ሰብሬ ፊቴን ስታጠብ ቀኝ መንጋጋዬን አንድ ነገር መታኝ። ኮረንቲ ይዟችሁ የሚያውቅ ከሆነ እንደዚያ ነው። ከጆሮዬ ሥር ተነሥቶ እስከ አገጬ ወረደ፤ ዐሥር ቆጥሬ ሳልጨርስ ጠፋ። ጣሳው ከእጄ ወድቆ ነበር። ቆሜ ፊቴን ዳሰስኩ፤ ምንም የለም። ብርድ ነው አልኩና ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በሳምንቱ ስናገር ይመታኝ ጀመር። ቀጥሎ ሳኝክ። ቀጥሎ ነፋስ ሲነካኝ። እኛ አገር ደግሞ ነፋስ ሳይነካው የሚውል ሰው የለም።

ጤና ጣቢያ ስሄድ የጥርስ ነው ተባልኩና ማስታገሻ ተሰጠኝ። ማስታገሻው ምንም ስላላደረገልኝ ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሰውየው ጥርሶቼን በትንሽ ብረት አንድ በአንድ ሲያንኳኳ አንዱ ላይ ጮኽኩ፤ እሱን ነቀለልኝ። አራት ቀን ደህና ሆኜ ሰነበትኩ፤ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። ደብረ ብርሃን ወርጄ ሌላ ቦታ ሁለተኛውን አስነቀልኩ፤ ከአንድ ወር በኋላ ሦስተኛውን። ሦስተኛውን የነቀለው ሐኪም ጥርሱን ወደ መብራቱ አንሥቶ አገላብጦ አየው። ምን እንዳለው በጥጥ በተሞላ አፌ ጠየቅሁት።

«ምንም የለውም» አለኝ። «ጤነኛ ጥርስ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በዚህ ሁሉ መንገድ ይቅርታ የጠየቀኝ ባለሙያ እሱ ብቻ ስለሆነ አልረሳውም። ከእንግዲህ ማንም ጥርስዎን ልንቀል ቢልዎ እንቢ ይበሉ ብሎ የመከረኝም እሱ ነው።

ይህን ሕመም ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ቁስል የለውም፤ እብጠት የለውም፤ ትኩሳት የለውም። በሁለት ምት መካከል ስታዩኝ ምንም ያልሆንኩ ሰው ነኝ። የእኛ ሰላምታ ደግሞ ጉንጭ ለጉንጭ ነው። መሳም እንደ ጅራፍ ያስፈራኝ ጀመር። ዘመድ ከሩቅ ሲመጣ ካየሁ መንገድ እለውጣለሁ፤ ለቅሶ ቤት ከደጅ ቆሜ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እመለሳለሁ። ደመወዝተኛ ሆና ኮራች አሉኝ። አንድ ቀን ማኅሌት ከትምህርት ቤት ሮጣ መጥታ ቀኝ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ሳላስበው በጥፊ መታኋት። ልጅቷ አላለቀሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እንደ ቄስ እጅ፣ እጄን ብቻ ትስም ጀመር።

ተፈራም ዝም እያለ ሄደ። መጀመሪያ ስመልስለት እንዳያመኝ ብሎ ነበር ወሬ የሚያሳጥረው፤ እየቆየ ዝምታው ለመደበት። ምግቤ አጥሚት ሆነ፤ እሱንም በማንኪያ፣ በግራ በኩል። ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ። ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ የተባይ መድኃኒት ነበረን፤ አንድ ቀን ተፈራ ሳይነግረኝ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰደው። ለምን እንደወሰደው አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም። የሁለታችንም ሐሳብ አንድ ቦታ ደርሶ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

በዓመቱ ትልቅ ሆስፒታል በሪፈር ተላክሁ። ካርድ አውጥቼ ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። በላዬ ያለው መስኮት መስታወቱ ተሰብሮ ነፋስ ያስገባ ነበር፤ ፊቴን በነጠላ ጠቅልዬ አጎንብሼ ነበር የምጠብቀው። አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት ምንም ሳትጠይቀኝ ተነሥታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠችና በጀርባዋ ጋረደችልኝ። ተራዋ ደርሶ ስትጠራ ሄደች። ስሟን አላወቅሁም። በዚያ ዓመት ከተደረገልኝ ደግ ነገር ትልቁ እሱ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ፤ ሲመታኝም እስኪያልፍልኝ ጠበቀኝ። ጥጥ አቅጥኖ ጉንጬን በስሱ ነካ ነካ አደረገኝና ጥርስ እንዳልሆነ ነገረኝ። የፊት ነርቭ ነው አለ። የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርስ እንደ ሽቦ ያለ ነገር አለ፤ ሽፋኑ ሲላጥ በትንሽ ነገር እሳት ይረጫል፤ የእርስዎም እንደዚያ ነው ብሎ አስረዳኝ። ካርባማዜፒን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ። የሚጥል በሽታ ላለበትም የሚሰጥ ስለሆነ ሰው ሲያወራ እንዳልደነግጥ አስጠነቀቀኝ። ስም የሌለው ነገር ስም ሲያገኝ እንዴት እንደሚያሳርፍ የታመመ ያውቀዋል፤ ከሆስፒታሉ ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

ክኒኑ ምቱን በግማሽ ቀነሰልኝ፤ ከራሴም ግማሹን ወሰደብኝ። ቆሜ ሳስተምር መሬቱ ይዞርብኛል። ለዓመታት የማውቀውን ቃል አጣዋለሁ፤ አንድ ቀን «ቅጠል» የሚለው ቃል ጠፍቶብኝ በጠመኔ ሥዕሉን ሣልኩላቸው። ተማሪዎቹ ሳቁ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ክኒኑ ከመድኃኒት ቤት ይጠፋል፤ በጠፋ በሁለተኛው ቀን ምቱ በሙሉ ኃይሉ ይመለሳል።

እማሆይ ዘንድ የሄድኩት በእንደዚህ ያለ ሳምንት ነው። እማሆይ ከአንድ ገዳም ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት መነኩሴ ናቸው። ለመድኃኒታቸው ገንዘብ አይቀበሉም፤ በጸሎት አስቡኝ ብቻ ነው የሚሉት። አጭበርባሪ ናቸው የሚል ካለ አላያቸውም ማለት ነው። አንድ ሥር አደረቁና ቀጥቅጠው ሰጡኝ። የሥሩን ስም አልጽፍም፤ ከጻፍኩት ነገ የሚቆፍረው ሰው ይኖራል። ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ በባዶ ሆዴ ጠዋት ጠዋት እንድጠጣ አዘዙኝ። ከፈረንጅ መድኃኒት ጋር አይስማማም፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትወስጂ አሉኝ። ክኒኑ ቀድሞውንም አልቆብኝ ነበር፤ ተውኩት።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ደጅ ወጣሁ። ነፋሱ ፊቴን ነካኝ። ቆሜ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብኩ፤ አልመጣም። ገብቼ ከማኅሌት ኪስ ቆሎ ወስጄ በቀኝ በኩል አኘክሁ። ተፈራ ቆሞ ያየኝ ነበር። ስስቅ እሱም ሳቀ፤ በዓመት ከአምስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ በኋላ አፌ አላረፈም። በመምህራን ማረፊያ ተናገርኩ፤ በማኅበር ተናገርኩ፤ በሰንበቴ ተናገርኩ፤ መኪና ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ ተናገርኩ። ሰዎች «መምህርት ናት፣ ያውም የሳይንስ፣ ዝም ብላ አታወራም» እያሉ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ እሰማ ነበር፤ ደስ ይለኝም ነበር። ለልጆች ስለ ሙከራ ሳስተምር አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ሌላውን አትንኩ፣ ደጋግማችሁ ሳታዩ አትፍረዱ እያልኩ ነው። በራሴ ላይ ግን አንድ ጊዜ ጠጥቼ ፈረድኩ።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመጣ ነው። እስካሁን ያለውን ሁሉ ያስረዘምኩት እዚህ ላለመድረስ ይመስለኛል።

ጋሼ ጌታነህ የእናቴ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ቀየት የሚባል ቦታ አጠገብ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል። አስተማሪ የሆንኩት እሱ እየሸጠ ባስተማረኝ በጎች ነው ብል አልዋሸሁም። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የስኳር በሽታ ነበረበት፤ በየቀኑ ኢንሱሊን የሚባለውን መርፌ ራሱ ይወጋል። ቀጭን ሰው ነው፤ ጠንካራ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እግሮቹ ያቃጥሉት ነበር። ፍም ላይ የቆምኩ ይመስለኛል እያለ በባዶ እግሩ ውርጭ ላይ ይቆማል። ሐኪሞቹ ስኳሩ የእግሩን ነርቭ ጎድቶት እንደሆነ ነግረውታል።

በዳንኩ በሁለተኛው ወር ልጠይቀው ሄድኩ። ጉንጬን ሲስመኝ እንዳልተሳቀቅሁ አይቶ ተገረመ። ሁሉንም ነገርኩት።

«ለእኔስ ይሆን ይሆን?» አለኝ።

«ነርቭ ነርቭ ነው፣ ጋሼ» አልኩት።

ይህን ቃል ከአፌ ሲወጣ አሁንም እሰማዋለሁ። ነርቭ ነርቭ ነው። አውቄ ነበር የተናገርኩት፤ እንደ አስተማሪ። በሳምንቱ ከእማሆይ ሥሩን ተቀብዬ በገዛ እጄ ወሰድኩለት። እማሆይ ስለ ወንድሜ መርፌ አያውቁም ነበር፤ እግሩን ያመዋል ብቻ ነው ያልኳቸው። ለእኔ የነገሩኝን ትእዛዝ እንዳለ አስተላለፍኩለት፤ ከፈረንጅ መድኃኒት ጋር አይስማማም አልኩት። መርፌህን አቁም አላልኩትም። አታቁምም አላልኩትም። ሚስቱ ዘነበች «መርፌውንስ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔም ክኒኔን ትቼ ነው የዳንኩት ብዬ መለስኩላት።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወለልኝ። ማቃጠሉ ቀንሶልኛል፣ ትናንት እንቅልፍ ወስዶኝ አደረ አለኝ። ድምፁ ደከም ያለ ነበር፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ሲተኛ እንደዚያ ነው ብዬ አሰብኩ። በአምስተኛው ቀን ያስመልሰው ጀመር። ትንፋሹ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸት ነበር ብላኛለች ዘነበች። በስድስተኛው ቀን በቃሬዛ እስከ መንገድ፣ ከዚያ በመኪና ሆስፒታል አደረሱት። እኔ ስደርስ አይናገርም ነበር። አንዲት ነርስ ወጥታ መርፌውን ካቆመ ስንት ቀኑ ነው ብላ ጠየቀች። ዘመዶች ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ነበር። ዘነበች ወደ እኔ አየች። ዓይኗን ያነሣችው ለአንድ አፍታ ነው። ጋሼ ከቀትር በኋላ አረፈ።

ኋላ የሆስፒታሉ ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ እንደ ጋሼ ያለ ሰው ሰውነቱ ኢንሱሊን ጨርሶ አይሠራም፤ መርፌው ሲቋረጥ ደሙ በቀናት ውስጥ እንደ መርዝ ይሆናል። ሥሩ አልገደለውም። የገደለው የመርፌው መቅረት ነው።

ለቅሶው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ሳምኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ጉንጬ በሰው ጉንጭ ተፈገፈገ፣ በእንባ ራሰ፣ ነፋስ መታው፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላመመኝም። እንዲያመኝ እለምን ነበር። ጤነኛ ሆኜ ወንድሜን ስቀብር ሰው ሁሉ ያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ሕመሙ የተመለሰው በአርባው ቀን ነው። ፍትሐቱ አልቆ ዳቦ ሲቆረስ አንድ ጉርሻ ወደ አፌ አደረግሁ፤ እንደ ድሮው መታኝ። ጎንበስ ስል ያለቀስኩ መስሏቸው አጽናኑኝ። ሥሩን እንደገና ጀመርኩ፤ መጠኑን ጨመርኩ፤ አልተሻለኝም። ወደ ወጣቱ ሐኪም ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ክኒኑን እንደገና አስጀመረኝ። ይህ በሽታ ምንም ሳይደረግለት ለወራት ትቶ የሚሄድበት ጊዜ አለ አለኝ፤ ከዚያ ይመለሳል።

«በዚያን ጊዜ በእጅዎ የነበረው ነገር ምስጋናውን ይወስዳል» አለኝ። «ክኒን ቢሆንም፣ ጠበል ቢሆንም፣ ሥር ቢሆንም።»

«አይሠራም ማለት ነው?» አልኩት።

«እሱን አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩት።»

ይህ «አላውቅም» አላስቀመጠኝም። ለምን እንደሆነ በግልጽ ልናገር። የፈራሁት ለፊቴ አልነበረም። ሥሩ የሚሠራ ከሆነ፣ ለወንድሜ መልካም ነገር ይዤለት ሄጄ በአንድ ስሕተት ጠፋብኝ ማለት ነው። የማይሠራ ከሆነ ግን ጋሼ የሞተው በከንቱ ነው፤ በወሬ። ስለዚህ እንዲሠራ ፈለግሁ። በሕይወቴ እንዲህ የፈለግሁት ነገር የለም።

ሐኪሙን አማክሬ ሥሩን በራሴ ላይ መሞከር ጀመርኩ። ክኒኔን በምንም ምክንያት እንዳላቋርጥ፣ ጉበቴንም በየጊዜው በደም ምርመራ እንዳሳይ አስማለኝ። የሚጠጣውን የሚያዘጋጀው ተፈራ ሆነ። አንድ ሳምንት ሥሩን ቀቅሎ በፔርሙስ ያስቀምጥልኛል፤ በሌላው ሳምንት ደግሞ ጌሾ፤ ሁለቱም ቡናማ ናቸው፣ ሁለቱም ይመራሉ። የየትኛው ሳምንት የትኛው እንደሆነ በስምንት የተጠቀለለ ወረቀት ዕጣ አወጣ፤ አራት የሥር፣ አራት የጌሾ። በደብተሩ ጽፎ መሥሪያ ቤቱ ቆለፈበት። እኔ በራሴ ደብተር በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደመታኝና ምን ያህል እንደበረታ ብቻ ነው የምጽፈው። አፍንጫዬን ይዤ ነበር የምጠጣው፣ ጣዕሙን እንዳልለይ።

ስምንት ሳምንት ረጅም ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቀለል አለኝ። ይህ ሥሩ ነው አልኩ በልቤ፤ የጋሼን ፎቶ አንሥቼ «አየህ?» አልኩት። በአምስተኛው መናገር እስኪያቅተኝ ተደበደብኩ፤ ይህ ጌሾው ነው አልኩ። ለራሴ ፈርጄ ጨርሼ ነበር ማለት ነው። ደብተሬን ግን አልነካሁትም።

ስምንተኛው ሳምንት ባለቀ ማግስት እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ደብተሮቻችንን ይዘን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ተፈራ የእሱን አልከፈተም።

«ብንተወውስ?» አለኝ።

እሱ በየሳምንቱ የምጠጣውን ያውቃል፤ ሁሉ ነገር በፊቴ ላይ ስለሚታይ መልሱንም ያውቅ ነበር። ክፈተው አልኩት።

ቀለል ያለኝ ሦስተኛው ሳምንት የጌሾ ነበር። የተደበደብኩበት አምስተኛውም የጌሾ። የቀሩትን አንድ በአንድ አመሳከርን፤ የሥሩ ሳምንታት ከጌሾው ሳምንታት የሚለዩበት ምንም ነገር አልነበረም። ከላይ ደመርን፤ ከታች ደመርን። ተፈራ ደብተሩን ዘጋና እጁን በእጄ ላይ አደረገ። አንድ ሰው ስምንት ሳምንት የሞከረው ሙከራ ለዓለም ማስረጃ አይሆንም፤ ለሌላ ሕመም ይሠራ ይሆናል፤ ይህን አውቃለሁ፤ ሐኪሙም ብሎኛል። ለእኔ ግን በቂዬ ነበር።

መጀመሪያ እማሆይ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለ ወንድሜ መርፌ ሳልነግርዎ ሥሩን ወሰድኩለት፣ በስድስተኛው ቀን ሞተ አልኳቸው። ስለ ጌሾውም ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን አንሥተው አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«የዳነ ተመልሶ ይመጣና ያመሰግነኛል» አሉኝ በመጨረሻ። «ያልዳነ አይመጣም። እኔ በምን ልወቅ፣ ልጄ?»

ተሰናብቻቸው ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ለመጣ ሰው ሁሉ የሐኪም መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ብለው እንደሚጠይቁ ሰምቻለሁ።

የቀረችኝ ዘነበች ናት። ከአርባው ወዲህ አልተያየንም። ቀየት ወርጄ ከመንገድ በእግሬ ሄድኩ፤ ፊቴን በፎጣ ጠቅልዬ ነበር። ከቤቱ ጓሮ ኩበት ስትጠፈጥፍ አገኘኋት። ተቀመጪ አለችኝ፤ እሷ ግን ሥራዋን አላቆመችም። ስምንቱን ሳምንት፣ ዕጣውን፣ ጌሾውን፣ ሁለቱን ደብተር ነገርኳት። በመሃል ሁለት ጊዜ መታኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ እጇ እየሠራ ጠበቀችኝ። ሥሩ ምንም እንዳልሆነ ስነግራት እጇ ቆመ።

«እኔ እኮ» አለች፣ «እግሩ በርዶለት ሞተ እያልኩ ነበር የምጽናናው። ሦስት ቀን ተኝቷል፣ ሦስት ቀን አላቃጠለውም እያልኩ። አንቺ እሱንም ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?»

ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር የሄድኩት፤ ቃሉ አልወጣልኝም። ሌላ ሰው እንዳይሞት ብዬ ነው አልኳት። ሥሩን የሚጠይቅሽ ሰው ቢመጣ እንዳትሰጪ ልልሽ ነው።

ዘነበች የምትጠፈጥፈውን አስቀመጠችና ወደ ማዶ አየች። ፊቷ ተለወጠ። ከጋሼ የተረፈውን ሥር ለመጣል ስላልሆነላት አስቀምጣው ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ከወንዙ ማዶ የምትኖር ሙሉነሽ የምትባል ጎረቤቷ መጥታ እኔንም ስኳር ይዞኝ እግሬን አቃጠለኝ ስትላት፣ ለነፍሱ ይሁን ብላ ሰጥታታለች።

እጇን ሳትታጠብ ተነሣች። ተከትያት ወረድኩ። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ወጣን። ሙሉነሽ ደጇ ላይ በግ ስታስገባ አገኘናት። ሥሩን ከጀመርሽ ስንት ቀንሽ ነው አልኳት፤ ሦስት ቀኔ ነው አለች። ክኒንሽንስ ብላት፣ አይስማማም ተብሎ የለም እንዴ፣ ትቼዋለሁ አለችኝ። ተሽሎኛል፣ እግሬም ቀዝቅዞልኛል አለች። ሥሩ አይሠራም፣ በራሴ ሞክሬ አይቻለሁ ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ገርሟት አየችኝ።

«ሰንበቴ ላይ ዳንኩበት ብለሽ ያመሰገንሽው አንቺው አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ።

ነኝ አልኳት። ከዚያ በላይ ልናገር ስል መታኝና አፌን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ስነሣ የምትናገረው ዘነበች ነበረች።

«ጌታነህ መርፌውን አቁሞ በስድስተኛው ቀን ሞተ» አለቻት። «ሥሩን ተማምኖ ነው ያቆመው። እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ ሕመሙ ጸናበት እያልኩ ነው የኖርኩት። ክኒንሽን አሁኑኑ ዋጪ። ነገ ጠዋት ደግሞ ሐኪም ቤት እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሙሉነሽ ገብታ የሥሩን ከረጢትና የክኒኗን ዕቃ ይዛ ወጣች። ከረጢቱን ለዘነበች ሰጠቻት፤ ክኒኑን በፊታችን ዋጠች። ኋላ በስልክ እንደሰማሁት በማግስቱ ስኳሯ በጣም ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ደርሰንላታል።

ስንመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ዘነበች ከረጢቱን ወንዙ ውስጥ በተነችውና እጇን ታጠበች። እንድትምረኝ አልጠየቅኋትም፤ ማርኩሽም አላለችኝም። ዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ቆመች።

«ለስንት ሰው ነግረሻል?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። በስማቸው ቁጠሪያቸው አለችኝ። መቁጠር ጀመርኩ፤ የመምህራኑን፣ የማኅበርተኞቹን፣ የሰንበቴውን፣ ዘመሮ ገበያ ያገኘኋቸውን፣ መኪና ውስጥ ስማቸውን ሳላውቅ የነገርኳቸውን። አሥራ ሰባተኛው ስም ላይ ነፋሱ መጣ፤ መንጋጋዬን መታኝ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዘነበች ቆማ ጠበቀችኝ። እስኪያልፍልኝ፣ ዓይኔን እስክገልጥ ድረስ ጠበቀችኝ።

«ቀጥዪ» አለችኝ።